ጥበብ በሣጥን ታሽጋ አትጠቅምም

ሰው ለሥራው የሚረዳውን መሣሪያ ማግኘቱ ብቻውን ሥልጣኔ አይባልም። መሣሪያውን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ክፍል ክፍሉን ዐውቆ፣ በተሰናከለም ጊዜ የተሰናከለበትን ምክንያት መርምሮ ያቀናው እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ የመሣሪያው ጌታ ሆነ ይባላል። ይህን ያላደረገ ሰው የዕቃው ጠባቂ እንጂ ጌታው አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ማዕዘን በጨርቅ ተሸፍኖ፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ በአንድ ቃል ተፈርዶበት፣ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ዕቃ ስንት ነው! ዳኛ በሰው ላይ በሚፈርድበት ጊዜ ከሳሽንና ተከሳሽን ሰምቶ፣ ምስክር አስቈጥሮ ነው፤ በመሣሪያ ላይ ግን ማንም ሰው ያለ ምስክር ይፈርድበታል።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ነገር ዘመኑ ስላለፈ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተርን በስልክ ሽቦ ከዓለም ጋራ ያገናኝ የነበረው ሞደም ነው። በአሜሪካ አገር በዚህ መንገድ ሕዝብን ሲያገለግል የኖረው ኤ ኦ ኤል የተባለው ታላቅ ኩባንያ እንኳ አገልግሎቱን በመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘግቶታል። ታዲያ ዘመኑ ያለፈውን ነገር ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መሣሪያው አለፈ እንጂ በእርሱ የተማርነው ትምህርት አላለፈም ብዬ እመልሳለሁ። ይህንንም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ ሹማምንትና ሊቃውንት ይልቁን ማቅረቤ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከታሪኩ ይገለጣል።

በመጀመሪያ ሞደም ማለት ምን እንደ ሆነ ልናገር። ኮምፒዩተር በውስጡ የሚነጋገርበት ቋንቋ አንድና ዜሮ ብቻ ነው። የስልክ ሽቦ ግን የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ ያውም ለድምፅ ሁሉ አይደለም፤ በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ያሳልፋል፤ ከዚያ የወፈረውንም የቀጠነውንም ያስቀራል። ስለዚህ ኮምፒዩተር በስልክ ሽቦ ቃሉን ይልክ ዘንድ የወደደ እንደ ሆነ አንዱንና ዜሮውን በዚህ ጠባብ በር ሊያልፍ ወደሚችል ድምፅ መለወጥ አለበት፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ባልንጀራውም ድምፁን ሰምቶ ወደ ጽሕፈት ይመልሰዋል። ይህን የመለወጥና የመመለስ ሥራ የሚሠራው ሞደም ነው፤ ስሙም ከሁለት የእንግሊዝ ቃላት ተቈርጦ የተሰፋ ነው፤ አንዱ መለወጥ፣ ሁለተኛው የተለወጠውን መመለስ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለጋይንት ሊቃውንት እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንደ ሆነች፣ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ እንደ ሆነ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለድጓው ምልክት እንዳደረጉለት በሊቃውንት ዘንድ ይተረካል። ምልክቱ ከቃሉ በላይ ተጽፎ ዐይን ያየዋል፤ መሪው በዜማ ያወጣዋል፤ ተማሪውም የሰማውን ዜማ እንደገና ከምልክቱ ጋራ ያስተያየዋል። ጽሕፈት ድምፅ ሆነ፤ ድምፅም ወደ ጽሕፈት ተመለሰ። ሞደም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በፍጥነቱ ላይ ነው። በኋለኛው ዘመን የተሠሩት ሞደሞች በአንድ ሰከንድ ውስጥ እስከ 56 ሺህ የሚደርስ አንድና ዜሮ ይቀበሉ ነበር፤ ወደ ውጭ ሲልኩ ግን ፍጥነታቸው 33 ሺህ 600 ነበር፤ ይህም ሽቦው ንጹሕ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ። በ1993 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ ከተማ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የተወለዱት በጋይንት፣ ድጓውንም ያስመሰከሩት በቤተ ልሔም ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የኔታ» እያለ ይጠራቸዋል። በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ኮምፒዩተር ከነሞደሙ ልኮላቸው፣ ለአገልግሎቱም ገንዘብ ተከፍሎ፣ ስምና የምስጢር ቃል በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን የሚያቆመው ሰው ስላልተገኘ ኮምፒዩተሩ ጥልፍ ልብስ ለብሶ፣ ሞደሙም ከሣጥኑ ሳይወጣ ሰባት ወር ተቀመጠ። እኔም ጎረቤታቸው ሳለሁ፣ ጥቂትም ዕውቀት ሳለኝ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ መቆየቴን አልደብቅም።

በአንድ ቅዳሜ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የልጅ ልጃቸው ከእስቴ ደረሰ። ልጁ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የተማረ፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል ካለ አንድ ትምህርት ቤት የትምህርት ዕድል ያገኘ ነው። ቦታውን መቀበሉን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እንዲያስታውቅ፣ ይህንም እስከ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ያላደረገ እንደ ሆነ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አጎቱ ከውጭ አገር በስልክ ነግሮት ነበር። ልጁም ዐርብ ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከእስቴ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ በዝናብ ጭቃ ሆኖ መኪናው አንድ ቀን ዋለበት። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሰው እየከፈለ ኢንተርኔት የሚጠቀምባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ሮጠን ብንሄድ ተዘግተው አገኘናቸው። የአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል በክረምት ጊዜ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ሆነ፣ የእነርሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ የእሑድ ጧት 1 ሰዓት ነው። እንግዲህ በእጃችን የነበረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

የኔታም ጥልፉን ልብስ ከኮምፒዩተሩ ላይ አንሥተው፣ «ልጄ፣ ሰባት ወር ያለበስነውን ዛሬ ሌሊት እናሠራው ዘንድ ግድ ሆነብን፤ በል ጀምር» አሉኝ።

የሞደሙ ዓይነት በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነበር። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ የመብራቱን ሽቦ ነቀልሁ። ከዚያም እጄን በብረት አካሉ ላይ አሳረፍሁ፤ በሰው ገላና ልብስ ላይ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ኀይል ለእኛ ባይታወቀንም ረቂቁን ዕቃ ሊያቃጥለው ይችላልና። ክዳኑን ከፍቼ፣ ካርዱን በባዶው ማስገቢያ ውስጥ በሁለት ጫፉ እኩል ተጭኜ አስገባሁት፤ በቡሎን አሰርሁት። ከካርዱ ጀርባ ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንደኛው ከግድግዳው ለሚመጣው የስልክ መስመር፣ ሁለተኛው ለስልኩ ዕቃ የተሠራ ነው። በችኰላ አንዱን በአንዱ ፋንታ እንዳደረግሁ ያወቅሁት በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩን አስነሣሁ፤ ከሞደሙ ጋራ የመጣውንም መሪ ፕሮግራም ከሲዲው ጫንሁበት።

የመጀመሪያው መሰናክል ወዲያው ተገለጠ። ሞደሙን «አለህ ወይ» ብሎ በሚጠይቀው መፈተኛ በኩል በጠየቅሁት ጊዜ፣ በማያው ላይ የነበረችው ቀስት ደርቃ ቀረች፤ ማውዙም አልንቀሳቀስም አለ። የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ከውጭ ዕቃዎች ጋራ የሚነጋገርባቸው ኮም የተባሉ በሮች በቁጥር ይጠሩ ነበር። ኮም 1 እና ኮም 3 በአንድ የመጥሪያ ቁጥር፣ ይኸውም በ4 ይጠቀማሉ፤ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ በ3 ይጠቀማሉ። ማውዙ በኮም 1 ተቀምጧል፤ ሞደሙም ከፋብሪካ ሲወጣ በኮም 3 እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ይህ ማለት በአንድ ቤት ያሉ ሁለት አሽከሮች በአንድ ደወል እንደ መጠራት ነው፤ ጌታው በደወለ ጊዜ ሁለቱ በበሩ ላይ ይጋጫሉ። ኮምፒዩተሩን እንደገና አጥፍቼ፣ በካርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ መሰኪያዎች ነቅዬ ወደ ኮም 4 አዛወርኋቸው፤ በኮም 2 ማንም አልነበረምና ጠቡ በረደ።

ሁለተኛው መሰናክል የመደወያ ድምፅ መታጣቱ ነው። ሞደሙ ስልኩን አነሣ፤ ነገር ግን ቁጥር 680 የሚል መልእክት ወጣ፤ ትርጓሜውም በመስመሩ ላይ የመደወያ ድምፅ የለም ማለት ነው። ክቡራን አንባቢዎች፣ እነዚህ ቁጥሮች ለማስፈራራት የተጻፉ አይደሉም፤ የመሣሪያው ምስክርነት ናቸው። 676 የተጠራው መስመር በሌላ ተይዟል ማለት ነው፤ 678 የተጠራው አልመለሰም ማለት ነው፤ 691 ስሙ ወይም የምስጢር ቃሉ ተቀባይነት አጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ምስክሩ ሲናገር ጆሮውን ይደፍናል፤ መልእክቱን ሳያነብ መስኮቱን ይዘጋዋል። እኔ የስልኩን ዕቃ ነቅዬ በቀጥታ በግድግዳው ላይ ባደርገው ድምፁ ደኅና ይሰማል፤ እንግዲህ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሽቦውን በስልኩ ዕቃ ቀዳዳ እንዳስገባሁት አየሁ፤ አቀናሁትም። ሆኖም ያው መልእክት ደግሞ ወጣ። የዚህኛው ምክንያት ሞደሙ የተሠራው የሌላ አገር የመደወያ ድምፅ እንዲጠብቅ መሆኑ ነው፤ የእኛን ድምፅ እየሰማ አላውቀውም ይላል።

ለዚህም መድኀኒት አለው። ሞደሞች የሚታዘዙበትን ቋንቋ ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባወጣው ሞደም አስለምዶታል። ትእዛዙ ሁሉ ኤ እና ቲ በተባሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራል፤ «ልብ በል» ማለት ነው፤ ዲያቆን ሕዝቡን አስቀድሞ እንደሚያነቃ ያለ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዲ ቢጻፍ ደውል፣ ኤች ቢጻፍ ስልኩን ዝጋ፣ ዜድ ቢጻፍ ወደ ቀድሞ አኳኋንህ ተመለስ ማለት ይሆናል። ኤክስ ተብሎ 3 ቢጨመርበት ደግሞ የመደወያውን ድምፅ ሳትጠብቅ ደውል ማለት ነው። ይህን ጻፍሁለት፤ ሞደሙም ያለ ክርክር ደወለ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሞደም አነሣ፤ ሁለቱም መጮኽ ጀመሩ። ይህን ጩኸት የሰማ ሰው ሁሉ አይረሳውም። ነገር ግን ጩኸት አይደለም፤ ሥርዐት አለው። አስቀድሞ የተጠራው በአንድ ቀጭን ድምፅ መኖሩን ይገልጣል፤ ጠሪው ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን በምን ፍጥነት መናገር እንደሚችል ይጠያየቃሉ፤ ሽቦው የትኛውን ድምፅ እንደሚያደክም ይመዝናሉ፤ በመጨረሻም ሁለቱ በሚችሉት ፍጥነት ተስማምተው ዝም ይላሉ። ዝምታው የስምምነት ምልክት ነው። የእኛዎቹ ግን ከመስማማት ሳይደርሱ ተቋረጡ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ተቋረጡ። እኔ ተስፋ ቈርጬ ሞደሙ የተበላሸ ነው ብዬ ልፈርድበት ተነሣሁ።

የኔታ ለማኅሌት ሊሄዱ ነጠላቸውን ተከናንበው በበሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። «አትቸኵል፤ እስኪ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምሁት። ጆሯቸውን ወደ ሞደሙ አዘንብለው ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እነዚህስ ሁለቱ ግራና ቀኝ ቆመው የሚቀባበሉ ናቸው፤ አንዱ ይመራል፤ አንዱ ይቀበላል። በመካከላቸው ግን አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ እንደሚጠበስ ቅቤ ይንጫጫል። ዜማውን የሚያፈርስባቸው እርሱ ነው። ያ ድምፅ ከሁለቱ ከአንዱ አይደለም፤ ከመንገድ የመጣ ነው፤ ፈልገው»። ይህን ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

በውነቱ እኔ ይህን መስማት ሲገባኝ አልሰማሁም፤ ዐይኔን በማያው ላይ ተክዬ ጆሮዬን ረስቼው ነበር። የስልኩን ዕቃ አንሥቼ አንድ ቁጥር መትቼ ዝም ብል፣ እንዳሉት የሚንጫጫ ድምፅ አለ። ልጁና እኔ መብራት ይዘን ሽቦውን ከግድግዳው ጀምረን እየተከተልን ወጣን። በመስኮቱ አጠገብ፣ ወደ መኝታ ቤት ለሁለተኛ ስልክ የተዘረጋው ሽቦ ከዋናው ጋራ የተቀጠለበት ቦታ አለ፤ ቅጣዩ በጨርቅ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ዝናቡ በመስኮቱ ገብቶ አርሶታል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ሰው በሰው ሲነጋገር ጥቂት ጕርምርምታ ቢኖር አእምሮው የጐደለውን ቃል ይሞላዋል፤ ሞደም ግን አእምሮ ስለሌለው የጐደለበትን አንድ ምልክት እንኳ መሙላት አይችልም፤ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ይተወዋል። ወደ መኝታ ቤት የሚሄደውን ሽቦ ቈርጠን ለየነው፤ የዋናውን መዳብ በቢላዋ ፍቀን፣ አጥብቀን ጠምዝዘን፣ በደረቅ ፕላስተር ጠቀለልነው። ቤት ውስጥ ያለው የስልክ ሽቦ ስልኩ ሳይነሣ 48 ቮልት ያህል፣ ስልኩ በሚጠራበት ጊዜ ግን ከዚያ የበለጠ ኀይል ስለሚይዝ፣ ይህን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መስመሩን ከመግቢያው ላይ መንቀል ይገባዋል፤ እኛም እንዲሁ አደረግን።

እንደገና ደወልን። ድምፆቹ ተጠያየቁ፤ ተመዛዘኑ፤ ዝም አሉ። በሰከንድ 28 ሺህ 800 ፍጥነት ተስማሙ። ልጁ እልል ሊል አፉን ሲከፍት ቁጥር 691 ወጣ፤ ስሙ ወይም የምስጢር ቃሉ ተቀባይነት አጣ። ወረቀቱን እያየን ሦስት ጊዜ ጻፍነው፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው ልጁ፣ «ይህ ክብ ነገር ፊደሉ ኦ ነው ወይስ ቁጥሩ ዜሮ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ የፊደልን ልዩነት ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሊቃውንት ግልጥ ነው፤ በሃሌታው ሀ ፋንታ ሐመሩን ሐ የጻፈ ሰው ንባቡ አንድ ቢሆንለት ምስጢሩ ይፋለስበታል። በዜሮ ብንጽፈው በሩ ተከፈተ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ልጁ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈው፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ቃል ስለ ሆነ ለመሄድ አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም። ሰዓቱን ባይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል፤ በወዲያ አገር ገና ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ወዲያውም ከሩቅ ነጐድጓድ ስለ ተሰማ የስልኩንም የመብራቱንም ሽቦ ነቀልሁ፤ በክረምት መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ ያቃጠለው ሞደም ብዙ ነውና። የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ልጁ በወንበር ላይ እንዳለ ተኝቶ አገኙት፤ አልቀሰቀሱትም። ሰኞ ማታ መልሱ መጣ፤ ቦታው ተጠብቆለታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት በሥርዐት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፍለጋ ከቅርብና ከቀላሉ ይጀመራል፤ ሽቦው በቦታው ነውን፣ የስልኩ ድምፅ ይሰማልን ብሎ ሳይጠይቁ ፕሮግራሙን ማፍረስ፣ የቤቱን ቍልፍ ሳይሞክሩ ግድግዳውን እንደ መናድ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢቀናው እንኳ የትኛው እንዳቀናው አያውቅም። ሦስተኛ፣ የተደረገው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ነገ የሚመጣው ሰው ያንኑ መሰናክል እንደ አዲስ እንዳይጀምረው። አራተኛ፣ መሣሪያው የሚናገረው ቃልና ቁጥር ሳይነበብ አይዘጋም። አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ የማያውቁትን መጠየቅ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ስለ ሞደም ምንም የማያውቁትን ሊቅ ባላዳምጥ ኖሮ የአንድ ልጅ ዕድል በአንድ እርጥብ ቅጣይ ምክንያት ይቀር ነበር።

ስልክ ወደ አገራችን በገባበት ጊዜ፣ ይኸውም ዐፄ ምኒልክ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መስመር ማሠራት ሲጀምሩ፣ ድምፅ ያለ አካል መምጣቱ አንዳንድ ካህናትን እንዳስደነገጣቸው በታሪክ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ግን በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው በሥርዐት ተያዘ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ፣ በሞደም ወደ ውጭ አገር በስልክ ያስተላልፍ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ። የቀድሞው ድንጋጤ አልፎ፣ አንድ የቤተ ልሔም መሪጌታ የሁለት ሞደሞችን ንግግር አዳምጠው ጥፋቱ የት እንዳለ ለመጠቆም በቁ። የድሮው ትምህርት ለአዲሱ ጥበብ እንቅፋት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ ለድጓ የሠለጠነ ጆሮ ለስልክም ሠልጥኖ ተገኝቷልና።

አሁን ስለ አገሩ ጥቂት እናገራለሁ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ግርጌና ትከሻ ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የበሽሎና የዓባይ ቈላ ደግሞ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። በእንደዚህ ያለ አገር ሽቦ መዘርጋት ምን ያህል ድካም እንዳለው ለሚያውቀው ሁሉ ግልጥ ነው፤ የስልክ ድምፅ በመዳብ ሽቦ ላይ በራቀ ቍጥር ይደክማል፤ ቅጣዩ በበዛ ቍጥር ይበላሻል። ስለዚህ ሞደም በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ በሚጮኽበት ዘመን፣ የነፋስ መውጫ፣ የወገዳ ወይም የመካነ ኢየሱስ ሰው ደብዳቤውን ይዞ በመኪና መጓዝ ይቀለው ነበር። የየኔታ የልጅ ልጅም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ ይህ ተለውጧል። ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ወረዳ ኔት የተባለው ሥራ ተሠራ፤ የእጅ ስልክም በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጀመረ በኋላ ወደ አውራጃው ሁሉ ዘለቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ጀመረ። ይሁን እንጂ ሞደም ጨርሶ የጠፋ አይምሰለን። በእጅ ስልካችን ውስጥ ሞደም አለ፤ በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥም ሞደም አለ። አሁን የሚናገሩት ለጆሮ በማይሰማ ሞገድ ነው እንጂ የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ይመልሳል፤ በሚችሉት ፍጥነት ይስማማሉ። መሰናክላቸውም ያው ነው፤ የላላ መሰኪያ፣ የረጠበ ቅጣይ፣ የተሳሳተ የምስጢር ቃል፣ የደከመ ባትሪ፣ ከሁሉም ይልቅ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚፈርድና ምክንያቱን የማይጠይቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፣ ለወረዳችሁ ዕቃ ሲመጣ የርክክብ ወረቀት መፈረም የሥራው መጨረሻ አይደለም፤ መጀመሪያው ነው። ዕቃውን የሚያቆም፣ የሚጠብቅና የሚያቀና አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ መዝገብም ይሰጠው። ሊቃውንት ሆይ፣ እናንተም ደቀ መዛሙርታችሁን ከምልክት እስከ ምልክት ሳታስዘልሉ እንዳስተማራችሁ ሁሉ፣ ይህንንም ጥበብ በትዕግሥት እንዲማሩት ምከሩአቸው፤ ትዕግሥቱን ከእናንተ የተሻለ የሚያስተምር የለምና። እኔ በበኩሌ ሰባት ወር በቸልታ ያሳለፍሁትን ጊዜ ባሰብሁ ቍጥር፣ በአንድ ሌሊት ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ለአንድ ሌሊት ማቆየት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ እገነዘባለሁ። በእናንተም ቤት በጥልፍ ልብስ የተሸፈነ ነገር ያለ እንደ ሆነ፣ የሚፈልገው እንግዳ በዝናብ ሌሊት በር ሳይመታ፣ ዛሬ ገልጣችሁ እዩት።